የቡትሎደር ደጅ ጥናት

በዚህ ጽሑፍ «የስልክ አፍቃሪ» የሚለው ስያሜ ስልክ ለሚወድ ሰው ሁሉ የሚሰጥ አይደለም፤ ስልኩን ለመደወል፣ መልእክት ለመላክና የልጁን ልደት ፎቶ ለማንሳት የሚገለገልበት ሰው የቱንም ያህል ቢወደው ተጠቃሚ እንጂ አፍቃሪ አይባልም። አፍቃሪ የሚባለው፣ ምንም እንከን የሌለበትን አዲስ ስልክ ከካርቶኑ ባወጣበት ምሽት ፋብሪካው የጫነበትን ሶፍትዌር አራግፎ ሌላ ካልጫነበት እንቅልፍ የማይወስደው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ከመጠየቁ በፊት ሶፍትዌሩን ከስልኩ አካል ጋር የሚያገናኘው እምብርት፣ ማለትም ከርነሉ፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህ ሰው በጠባዩ ሰላማዊ ሲሆን፣ ከራሱና እምቢ ማለት ካልቻሉ ዘመዶቹ ስልክ በቀር የማንንም ስልክ አያበላሽም።

የዚህን ሰው መከራ ለማጥናት ሻኦሚ ከተባለው የቻይና ኩባንያ የተሻለ ናሙና ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ኩባንያው ራሱ ከአፍቃሪዎች ማኅፀን የወጣ ነው። ሌይ ጁንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ቤጂንግ ውስጥ ሻኦሚን ሲመሠርቱ የሚሸጡት ስልክ አልነበራቸውም፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ለሕዝብ ያቀረቡት የመጀመሪያ ሥራቸው ኤምአይዩአይ የተባለ ሮም ነበር። ሮም በዚህ ሙያ ሰዎች አነጋገር በስልክ ላይ እንዳለ የሚጫን ሙሉ የሥርዓተ ክወና ጥቅል ማለት ነው። ሮሙ የሚጫነው እንደ ኔክሰስ ዋን ባሉ፣ ሌሎች ኩባንያዎች በሠሯቸው ስልኮች ላይ ስለነበረ፣ የሻኦሚ የመጀመሪያ ወዳጆች የሰው ስልክ ቁልፍ የፈቱ፣ የሰው ሶፍትዌር ያራገፉና በገዛ ፈቃዳቸው ዋስትናቸውን አደጋ ላይ የጣሉ ሰዎች ነበሩ። በየሳምንቱ አርብ አዲስ እትም ይወጣ ነበር፤ እነዚህ ወዳጆችም ይጭናሉ፣ ይሞክራሉ፣ ጉድለቱን ይነቅሳሉ፣ ኩባንያውም አርሞ ለሚቀጥለው አርብ ያደርስላቸዋል። ሻኦሚ ውለታቸውን ስላልዘነጋ የመጀመሪያዎቹን 100 ሞካሪዎች የሚያወድስ አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ሠርቶላቸዋል። የራሱን የመጀመሪያ ስልክ ያሳየው ኤምአይዩአይ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2011 ሲሆን፣ ዛሬ በሚያሠራጨው ስልክ ብዛት ከሳምሰንግና ከአፕል ቀጥሎ የሚጠራ ሆኗል። የትልቅነት የመጀመሪያ ምልክቱ ደግሞ በር መዝጋት ነው።

በሩ ቡትሎደር ይባላል። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚነቃ አጭር ፕሮግራም ሲሆን፣ ሥራው ቀጥሎ የሚነሳው ሥርዓተ ክወና የአምራቹን ዲጂታል ፊርማ መያዙን መርምሮ ማሳለፍ ወይም መከልከል ነው። የተቆለፈ ቡትሎደር አምራቹ ካልፈረመበት ሶፍትዌር በቀር ሌላ አያስነሳም፤ የተከፈተ ቡትሎደር ግን የስልኩ ባለቤት ያመጣለትን ሁሉ፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ እሺ ብሎ ያስነሳል። የቀደሙት የሻኦሚ ስልኮች በሩ ክፍት ሆኖ ይሸጡ ነበር። ኩባንያው መቆለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ግድም ሲሆን፣ የሰጠው ምክንያት በሐቅ ሲመዘን ውሸት አልነበረም፦ ከቻይና ገዝተው ወደ ውጭ የሚቸረችሩ ነጋዴዎች በየመንገዱ ማስታወቂያና ሰላይ ፕሮግራም የተጨመረበት ሮም እየጫኑ፣ ገዢው አዲስ ነው ያለውን ስልክ ከፍቶ ማንም ያልጠራቸውን እንግዶች ያገኝ ነበር። ስለዚህ መቆለፉ ተጠቃሚውን ጠቀመ። አፍቃሪው ግን ለሌባ በተሠራ በር እሱም አብሮ ውጭ ቀረ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም ኑሮው ደጅ ጥናት ሆነ።

የደጅ ጥናቱ ሥርዓት በየጊዜው እየተሻሻለ፣ ማለትም እየረዘመ መጥቷል። በመጀመሪያው ዘመን አፍቃሪው ስልኩን ለምን መክፈት እንደሚፈልግ ጽፎ ያመለክትና በአጭር መልእክት ምላሽ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ለምን እንደሚፈልግ በትክክል የሚያውቅ አፍቃሪ ስለሌለ ይህ ጥያቄ ራሱ ከባድ ፈተና ነበር። በኋላ ማመልከቻው ቀርቶ የሰዓት ቆጠራ ተተካ፦ ስልኩን ከሻኦሚ መለያው ጋር በሲም ካርድ ኢንተርኔት (በዋይፋይ አይቻልም) ካስተሳሰረ በኋላ፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራውን የመክፈቻ ፕሮግራም ሲያስነሳ፣ ፕሮግራሙ የሂደቱን መቶኛ ሲያሳየው ቆይቶ ልቡ ሲመታ፣ መጨረሻ ላይ «ከ168 ሰዓት በኋላ ተመለስ» ይለዋል። አንድ ሳምንት ማለት በቂ ሆኖ ሳለ በሰዓት ቆጥሮ መንገሩ የኩባንያውን ጭካኔ ይሁን ትክክለኛነት ለመወሰን ያስቸግራል። ለአንዳንዶች 360 ሰዓት፣ ለአንዳንዶችም 720 ሰዓት ይታዘዝ የነበረ ሲሆን፣ ቆጠራው መሀል ላይ ትዕግሥት አጥቶ ከመለያው ወጥቶ የገባ ሰው ቆጠራው ከዜሮ እንደሚጀምርበት ሌላው በሹክሹክታ ይነግረዋል። ስልኩ ለመክፈቻ በሚዘጋጅበት ገጽ ላይ ያኔ አንድ ጥንቸል ጆሮ ግንዱን በሚሸፍን የክረምት ባርኔጣ ተጀቡኖ የአንድሮይድን አረንጓዴ ሮቦት ሲጠግን የሚያሳይ ሥዕል ይታይ ነበር፤ ደጅ ጠኚው በስንት ምሽት ያንን ጥንቸል ሲያይ እንዳመሸ ሻኦሚ ያውቃል። በቅርብ ዓመታት ስልኮች ላይ ጥንቸሉ ተነሥቶ አንዲት ደረቅ ቃል ብቻ ተተክታለች፤ ይህም ተስፋን ከመቁረጥ የማያንስ ምልክት ነው።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ኩባንያው ኤምአይዩአይን በሃይፐር ኦኤስ ሲተካ ሥርዓቱ ወደ ፍጹምነቱ ደረሰ። በቻይና ለሚኖር አፍቃሪ፣ ቡትሎደር ለመክፈት ለመጠየቅ መጀመሪያ በኩባንያው የተጠቃሚዎች መተግበሪያ ላይ 5ኛ ደረጃ መድረስ ግድ ሆነበት፤ ደረጃው የሚወጣው በየቀኑ ገብቶ በመገኘት፣ አስተያየት በመስጠትና በመሳሰለው በሚጠራቀም ነጥብ ስለሆነ፣ ትናንት ኩባንያውን ሲወቅስ ያደረ ሰው ዛሬ በሰው ድመት ፎቶ ሥር «ግሩም ካሜራ ነው» እያለ ነጥብ ይለቅማል። ከቻይና ውጭ ላለው ደግሞ መለያው ቢያንስ 30 ቀን የሞላው መሆን አለበት፤ ይህን ያሟላ ሰው ማመልከቻውን በመተግበሪያው ይልካል፣ ነገር ግን በየቀኑ የሚፈቀደው ብዛት የተወሰነ ስለሆነ «የዕለቱ ኮታ ሞልቷል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ኮታው የሚታደሰው በቤጂንግ እኩለ ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ከቤጂንግ በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ በዚያች ደቂቃ በኢትዮጵያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ዜና ሲከፍት ወይም ራት ሲጠብቅ፣ አፍቃሪው አውራ ጣቱን ከቁልፉ በላይ አንዣቦ ሰከንድ ይቆጥራል፣ በተጫነባት ቅጽበትም ኮታው እንደሞላ ይነገረዋል። ከሰው ጣት የፈጠኑ ሌሎች አፍቃሪዎች ቁልፉን በሚሊ ሰከንድ ስሌት የሚጫን ፕሮግራም ስለጻፉ የሰው ጣት ወረፋ ማግኘቱ ሲበዛ የዕድል ጉዳይ ሆኗል። ለተሳካለትም ቢሆን የማስተሳሰሩና የሰዓት ቆጠራው ሥርዓት ይከተላል፤ ከዚያም መክፈቱ በስልኩ ላይ ያለውን መረጃ ሁሉ ይሰርዛል። ከ2025 ጀምሮም አንድ መለያ በዓመት ከአንድ ስልክ በላይ እንዳይከፍት ተወስኗል።

ኩባንያው በዚህ መጠን የጨከነው ደኅንነትን ብቻ አስቦ ነው ማለት ያዳግታል፤ የሒሳቡ ጉዳይም መታየት አለበት። ሌይ ጁን እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው ከዕቃ ሽያጭ የሚያገኘው የተጣራ ትርፍ ከ5 በመቶ እንደማይበልጥ በይፋ ቃል ገብቷል። ስልኩን በርካሽ የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉን ከሌላ ቦታ ማግኘት ስላለበት፣ የሻኦሚ ስልኮች ፋይል ማውጫውንና ቫይረስ መፈተሻውን ጨምሮ የማስታወቂያ መስኮት የሚከፈትባቸው፣ ማንም ያልጠየቃቸው መተግበሪያዎችም ተጭነው የሚመጡባቸው ሆኑ። እዚህ ላይ አፍቃሪው ለኩባንያው የሚያስቸግር ደንበኛ ይሆናል፦ ስልኩን በርካሽ ዋጋ ገዝቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ከማስታወቂያ የጸዳ ሮም ሲጭን የ5 በመቶውን ስሌት አንዲቱን እግር ይቆርጣል። አፍቃሪዎች በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም፣ ለጥቂቶች የተከፈተው በር ለነጋዴዎችም የሚከፈት መሆኑ ነው ነገሩን ያባባሰው፤ ምክንያቱም ተመሳሳዩ ስልክ በቻይና የሚሸጥበት ዋጋ ውጭ ካለው ብዙ ጊዜ ስለሚቀንስ፣ ቻይናዊውን ስልክ ገዝቶ፣ ከፍቶ፣ ዓለም አቀፉን ሮም ጭኖ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ነበር።

ይህ ወደ ሁለተኛው መከራ፣ ወደ ክልል ጉዳይ ያሻግራል። አንድ የስልክ ስም አንድ ስልክ ማለት አይደለም፤ በአንድ ስም የቻይና፣ የህንድ፣ የአውሮፓና «ግሎባል» የሚባለው የተቀረው ዓለም እትም ይሠራል፤ እነዚህም በሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ በሚቀበሉት የኔትወርክ ሞገድ ጭምር ይለያያሉ። የቻይናው እትም የጉግል አገልግሎቶችን እንደ ሌላው ዓለም ስልክ አሟልቶ አይዝም፣ የመተግበሪያዎችን መልእክት ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከኋላ እየዘጋ ያዘገያል፣ የቋንቋ ዝርዝሩም ለብዙ ዓመታት ከቻይንኛ ዓይነቶችና ከእንግሊዝኛ ብዙም ስለማያልፍ አማርኛ ቀርቶ ፈረንሳይኛም የለበትም። ነገር ግን ኩባንያው ከሚሠራቸው መካከል የአፍቃሪን ልብ የሚሰርቁት ስልኮች ብዙ ጊዜ ከቻይና የማይወጡት ናቸው። በጁላይ 2022 የቀረበው ሻኦሚ 12ኤስ አልትራ ለዚህ ምስክር ነው፦ ላይካ ከተባለው ዝነኛ የጀርመን ካሜራ ሠሪ ጋር የተሠራ፣ ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ለስልክ ያልተለመደ ባለ 1 ኢንች የሶኒ ምርት የሆነ፣ ጀርባው በቆዳ መሰል ሽፋን የተለበጠ ስልክ ነበር፤ የዓለም ጋዜጠኞች ሁሉ አወድሰው ጻፉለት፣ የተሸጠው ግን በቻይና ብቻ ነው። የሚታጠፉት የሚክስ ፎልድ ስልኮችም እንዲሁ ለዓለም ታይተው ለቻይና ተሸጡ። ገንዘብ ይዞ የቆመን ደንበኛ አልሸጥልህም የሚል ነጋዴ በመርካቶ ታሪክ አልታየም።

ስለዚህ አፍቃሪው በጎን ያስመጣል። ከጓንግዡ ወይም ከዱባይ ዞሮ የመጣው ስልክ አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ «ግሎባል ቨርዥን» የሚል ስቲከር ተለጥፎበታል፤ አካሉ ግን የቻይና ሆኖ ሶፍትዌሩ ብቻ ነጋዴው በመንገድ ላይ የጫነለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ስልክ በሩ ተከፍቶ እስካለ ድረስ ይሠራል። ጉዱ የሚመጣው ባለቤቱ፣ ወይም ደግ ያሰበ ስልክ ሰሪ፣ ቡትሎደሩን እንደገና ሲቆልፈው ነው፤ የዚያን ጊዜ በረኛው የቻይና አካል የውጭ ልብስ ለብሶ ሲያገኘው «ይህ የኤምአይዩአይ እትም በዚህ ስልክ ላይ ሊጫን አይችልም» ብሎ ከመነሳት ይከለክለዋል። በጥገና ሱቅ ቋንቋ ስልኩ ብሪክ ሆነ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክል ጥበቃ ስለተጨመረ፣ አዲሱን እትም ጠልቶ የቀድሞውን ለመጫን የሞከረ ሰውም እንዲሁ ስልኩን ሊያጣው ይችላል፤ አፍቃሪው በምላሹ የተማረው ነገር ቢኖር አፕዴት ከመጫኑ በፊት መጸለይን ነው።

ከዚህም የባሰ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ሻኦሚ በይፋ የማይሸጥባቸው እንደ ኩባ፣ ኢራንና ሶሪያ ያሉ አገሮች ውስጥ ያሉ ተጠቃሚዎች፣ ስልካቸው ድንገት የኩባንያው ደንብ በዚህ ክልል መሸጥን አይፈቅድም የሚል ማስታወቂያ አሳይቶ እንደተዘጋባቸው ተናገሩ። ኩባንያው እገዳው ጊዜያዊ እንደነበረና የኮንትሮባንድ ዝውውርን ለመመርመር እንደተደረገ ገልጾ ስልኮቹ መልሰው ሊከፈቱ እንደሚችሉ አስታወቀ። ሐቫና ውስጥ ላለ ሰው ግን ያንን ስልክ ኪሱ ውስጥ ይዞ መግባቱ ራሱ ስልኩ የሚያውቀው ወንጀል ሆኖበት ነበር። የኢትዮጵያ አንባቢ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ፍጹም እንግዳ አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም የእያንዳንዱን ስልክ መለያ ቁጥር መመዝገብ ሲጀምር ጉምሩክ ያልጎበኘው ስልክ ከኔትወርክ ይወጣ ነበርና፣ በዚያን ወቅት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጤናው አልነበረም።

ሌሎቹ አምራቾች ከሻኦሚ ይሻላሉ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ጋላክሲ ኖት 3ን ሲያወጣ በአውሮፓ የተገዛው ስልክ በመጀመሪያ ሊነሳ የሚችለው በአውሮፓ ሲም ካርድ ብቻ እንደሆነ ካርቶኑ ላይ አስለጥፎ ነበር፤ በሩ ከተከፈተም በስልኩ ውስጥ ያለች ደቃቅ ፊውዝ ተቃጥላ ዳግመኛ ስለማትመለስ፣ ስልኩ ኃጢአቱን እስከ ሞቱ ይሸከመዋል። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2018 የመክፈቻ ቁጥር መስጠቱን እስከነአካቴው አቆመ። ጉግል ፒክሰሉን በጥቂት አገሮች ብቻ ይሸጥና፣ ከእነዚያ ውጭ ላለ ሰው በኔትወርኩ ያለውን 5ጂ አይከፍትለትም። አፕል ደግሞ ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጣቸውን ያለ ሲም ካርድ ማስገቢያ ስለሠራ፣ ከዋሽንግተን የተላከለትን ስጦታ በደስታ የተቀበለ የአዲስ አበባ ዘመድ ሲሙን የሚያስገባበትን ቀዳዳ ስልኩን ዙሪያውን እያገላበጠ ይፈልጋል፤ የቻይናው አይፎን በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ አለው። በአውሮፓ ኅብረት ከማርች 2024 ወዲህ ከአፕል መደብር ውጭ መተግበሪያ መጫን ቢፈቀድም፣ ባለቤቱ ከኅብረቱ ክልል ከአንድ ወር በላይ ርቆ ከቆየ እነዚያ መተግበሪያዎች አፕዴት ያቆማሉ፤ በሌላ አነጋገር ስልኩ ስደተኛነትን አይቀበልም።

አፍቃሪው ይህን ሁሉ አልፎ በሩን ከከፈተ በኋላ የሚያገኘውን መመርመር ተገቢ ነው። ስልኩ ሲበራ ገና ከመነሻው መከፈቱን የሚያውጅ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ጉግል የስልኩን ንጽሕና የሚያረጋግጥበት አሠራር ስላለ ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች በተከፈተ ስልክ ላይ አልሠራም ይላሉ፤ የፊልም መተግበሪያዎችም ጥራቱን ወደ ታች ሊያወርዱት ስለሚችሉ ባለ ብዙ ፒክሰሉ ስክሪን የድሮ ካሴት ያህል ያሳያል። በሃይፐር ኦኤስ አጀማመር ላይ ሻኦሚ የወሰነው ደግሞ በሩን የከፈተ ሰው መልሶ እስካልቆለፈ ድረስ አዲሱ እትም እንዳይደርሰው ነበር። አፍቃሪው ለባንኩ ሲል ስልኩ ያልተከፈተ የሚመስልበትን ፕሮግራም ይጭናል፤ ጉግል ይደርስበታል፤ አዲስ ፕሮግራም ይጻፋል። በዚህም መሠረት ለወራት ደጅ ጠንቶ የከፈተውን በር፣ ቀሪውን ጊዜ ዝግ እንደሆነ ለማስመሰል ሲደክም ይውላል። ይህን የሚያይ ሰው ታዲያ ለምን እንደሚከፍተው ቢጠይቀው የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ስልኩ የእኔ ነው የሚል ነው፤ ክርክሩም በዚህ ያበቃል፤ ምክንያቱም መልሱ ትክክል ነው። ዋጋውን የከፈለ ሰው የገዛውን ዕቃ ለመክፈት የሻጩን ፈቃድ በኮታ መጠበቁ በየትኛውም የንግድ ሕግ ሚዛን አሳፋሪ ነው፤ ሌባን ለመከላከል መቆለፍ ያስፈልጋል የሚለው ክርክርም ቁልፉን ለባለቤቱ ለመስጠት መከልከልን አያስረዳም። ሌላውን ሁሉ ይተውና፣ ማንነቱን አረጋግጦ ስልኩን በስሙ ላስመዘገበ ሰው ቁልፉን በዚያው ቀን መስጠት የሚያቅት ሥራ አይደለም።

በኩባንያው በኩል ይህ እስኪሆን ድረስ፣ የሻኦሚ ስልክ ከመርካቶም ሆነ ከዱባይ የሚገዛ አንባቢ በስቲከሩ አይርካ። ስልኩን አስበርቶ ሴቲንግ ውስጥ የሶፍትዌሩን የእትም ቁጥር ይመልከት፤ በቁጥሩ ጫፍ ካሉት አራት የላቲን ፊደላት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲ-ኤን ከሆኑ የቻይና፣ ኤም-አይ ከሆኑ የግሎባል፣ ኢ-ዩ ከሆኑ የአውሮፓ፣ አይ-ኤን ከሆኑ የህንድ ሮም ነው። ይህ ግን የሚናገረው ስለ ሶፍትዌሩ ብቻ ነው፤ ስለ አካሉ የሚናገረው ካርቶኑ ጀርባ የታተመው ጽሑፍ ነውና፣ ስልኩ ግሎባል ነኝ እያለ ካርቶኑ በቻይንኛ ብቻ ከተጻፈ ብሩን ይዞ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሂድ።